ፀጉር በፀጉር፦ የአፈር ማይቶችን ዝርያ የመለየት ታሪክ

በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ፣ በሞስ (ጥቃቅን አረንጓዴ ተክል) ሥርና በወደቀ ግንድ ልጣጭ ስር፣ ዓይን የአቧራ ቅንጣት ናቸው ብሎ የሚያልፋቸው ቡናማ ፍጥረታት ይኖራሉ። ኦሪባቲድ የሚባሉ የአፈር ማይቶች ናቸው። ስምንት እግር ስላላቸው የሚዛመዱት ከሸረሪትና ከመዥገር ጋር ነው፤ ከነፍሳት ወገን አይደሉም። ደም አይመጥጡም፣ ሰውም አይነክሱም፤ ምግባቸው የረገፈ ቅጠልና ሻጋታ ነው። አብዛኞቹ ከ0.2 እስከ 1 ሚሊሜትር ይረዝማሉ። በአንድ ካሬ ሜትር የደን አፈር ውስጥ በአስር ሺዎች፣ በተመቻቸ ቦታ ደግሞ ከ100,000 በላይ ሆነው ይገኛሉ። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ11,000 ይበልጣሉ።

እነዚህን ፍጥረታት በማይክሮስኮፕ ማየት ከተጀመረ ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተመራማሪዎችን ያስቸገራቸው የልዩነት እጦት አልነበረም፤ ማይክሮስኮፕ ስር የገባ ማይት ሁሉ ከጎረቤቱ በአንድ ነገር ይለያል። ከሚታየው ልዩነት የትኛው የዝርያ፣ የትኛው የዕድሜ፣ የትኛው ደግሞ የአጋጣሚ እንደሆነ ማወቁ ግን ብዙ ትውልድ ፈጅቷል። ሙያው አንድ እርምጃ የተራመደው ይህ ጥያቄ በከፊል በተመለሰ ቁጥር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀደምቶቹ ታዛቢዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። በ1661 መጸው ኦክስፎርድ ሳለ በመስኮቱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንከራተቱ ጥቃቅን ፍጥረታት አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ እነዚያኑ በሌላ መስኮት ላይ አገኛቸው። ወደ ውጭ አጎንብሶ ከመስኮቱ ስር ያለውን ግድግዳ ቢመለከት፣ ግድግዳው ላይ በበቀለው አረንጓዴ ሞስ ውስጥ መንጋ ሆነው ሲርመሰመሱ ተመለከተ። በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ «ተንከራታች ማይት» ብሎ ሥዕላቸውን ከመግለጫ ጋር አወጣ። ሁክ ዝርያ ለመለየት አልተነሳም፤ መኖሪያቸው ሞስ መሆኑን መገንዘቡ ግን ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ የት መፈለግ እንዳለባቸው የሚያሳይ ነበር።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 የእንስሳትን ስም ሥርዓት ያስያዘበትን የመጽሐፉን አሥረኛ እትም ሲያወጣ ማይቶችንና መዥገሮችን በሙሉ «አካሩስ» በተባለ አንድ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ውስጥ ከተታቸው። በጠቅላላው ሠላሳ ያህል ዝርያዎች ነበሩ፤ መግለጫቸውም ከአንድ ሁለት መስመር ላቲን አያልፍም። ቀለም፣ የሰውነት ቅርጽና የሚገኙበት ቦታ ለመለያነት በቂ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ከእነዚያ መካከል ጥንዚዛ የሚመስለው «አካሩስ ኮሊኦፕትራቱስ» ዛሬ «አኪፕቴሪያ ኮሊኦፕትራታ» የሚባለው ኦሪባቲድ ነው። ከትከሻው ግራና ቀኝ ክንፍ የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ወጥቶ እግሮቹን ይጋርዳል፤ የጥንዚዛ መልክ የሰጠውም ይህ ነው። ሊኔየስ ያየው ይህ ገጽታ እስከ ዛሬ ድረስ የቤተሰብ መለያ ሆኖ ያገለግላል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ፈረንሳዊው ፒየር አንድሬ ላትሬይ ጠንካራ ጋሻ ያላቸውን የአፈር ማይቶች ከአካሩስ ነጥሎ «ኦሪባታ» አላቸው። የስትራስቡርጉ ዣን ፍሬደሪክ ኤርማን ደግሞ ስለ ክንፍ አልባ ጥቃቅን እንስሳት ያዘጋጀው ሥራ ደራሲው በወጣትነቱ ከሞተ በኋላ በ1804 ታትሟል። ሥዕሎቹ ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ የላቁ ስለነበሩ፣ ያወጣቸው ስሞች ዛሬም ከየትኞቹ ዝርያዎች ጋር እንደሚሄዱ ማወቅ በአብዛኛው ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የካርል ሉድቪግ ኮኽ ዘመን መጣ። ኮኽ በባቫሪያ የደን ሹም ነበር፤ ኑሮው ሬገንስቡርግ ነው። ከ1835 እስከ 1844 በትንንሽ ጥራዞች እየተከፋፈለ በወጣው የጀርመን ሸረሪቶች፣ ማይቶችና የመሰሎቻቸው መድበሉ እያንዳንዱን ዝርያ በቀለም አስሎ አቅርቧል። ዛሬም በሥራ ላይ ካሉት የኦሪባቲድ ጂነሶች ውስጥ ብዙዎቹን የሰየመው እርሱ ነው። ሥራው ያለ ጥርጥር ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ኮኽ ዝርያ የለየው መልክ በመለየት ነበር። ፈዛዛውንና ለስላሳውን አንድ ዝርያ፣ ጥቁሩንና ጋሻ የለበሰውን ሌላ ዝርያ፣ ጀርባው ላይ ቆሻሻ የተሸከመውን ሦስተኛ ዝርያ አደረገ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም የአንድ ዝርያ ልጅ፣ ታዳጊና አዋቂ ነበሩ። ከሥዕሉ በቀር ሌላ ማመሳከሪያ ያልተረፈላቸው ዝርያዎቹ ብዙ በመሆናቸው፣ ኮኽ የትኛውን ማይት አይቶ ስሙን እንዳወጣ ለመወሰን ከመቶ ዓመት በኋላም ክርክር አልቀረም።

ይህን ውዥንብር ማጥራት የጀመረው ኤርኩል ኒኮሌ ነው። ኒኮሌ በስዊዘርላንድ ኔውሻቴል የድንጋይ ኅትመት ባለሙያ ሆኖ የሠራ፣ የሉዊ አጋሲን የዓሣ ቅሪቶች ሥዕል ያተመ የእጅ ጥበብ ሰው ነበር። በ1855 በፓሪስ አካባቢ የሚገኙ ማይቶችን የተፈጥሮ ታሪክ ሲያሳትም ያየውን በመሳል ብቻ አልተወሰነም፤ ልጅ ከአዋቂ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ እየተከታተለ በርካቶቹ የኮኽ ዝርያዎች ገና ያላደጉ ማይቶች መሆናቸውን አሳየ። የዝርያ ቁጥር በምርምር ብዛት ሊቀንስም እንደሚችል በዚህ መስክ መጀመሪያ ያሳየው ሥራ ይህ ነው፤ ለዚህም ከኮኽ መድበል ይልቅ የሙያው መነሻ ተብሎ ሊቆጠር ይገባዋል።

ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የማይቱን የዕድገት ደረጃዎች ማወቅ ያስፈልጋል። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ ስድስት እግር ብቻ ነው ያለው። ቆዳውን ሲጥል ስምንት እግር ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ኒምፍ ይሆናል፤ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ኒምፍ፣ በመጨረሻም አዋቂ። ኒምፎቹ ብዙ ጊዜ ነጣ ያሉ፣ ቆዳቸው የተሸበሸበና ለስላሳ ነው። የአንዳንድ ጂነሶች ኒምፎች የጣሉትን ቆዳ በሙሉ እየደራረቡ በጀርባቸው ይሸከሙታል። አዋቂው ግን ጠንክሮ፣ ጠቁሮና ክብ ሆኖ ይወጣል። የእግር ጥፍር እንኳ ይለወጣል፤ የብዙ ዝርያዎች ልጆች በእያንዳንዱ እግራቸው ጫፍ አንድ ጥፍር ይዘው ያድጉና አዋቂ ሲሆኑ ሦስት ያወጣሉ። ጥፍር ቆጥሮ ዝርያ የለየ ሰው አባትና ልጅን ለሁለት ከፍሏል ማለት ነው።

ዛሬ ዕድሜን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ በሆድ በኩል ባለው የመዋለጃ ክዳን ስር የሚገኙትን ጥቃቅን ጉብታዎች መቁጠር ነው። እጩ ምንም የለውም። የመጀመሪያው ኒምፍ አንድ ጥንድ፣ ሁለተኛው ሁለት ጥንድ፣ ሦስተኛው ሦስት ጥንድ አለው፤ አዋቂውም ሦስቱን ጥንድ ይዞ ይቀጥላል። ይህ ቆጠራ መልክ ለሚያሳስታቸው ደረጃዎች ሁሉ መታወቂያ ሆኖ ያገለግላል።

በእርባታ ማስረጃ ማቅረብን ወደ ሙሉ ዘዴ ያሳደገው እንግሊዛዊው አልበርት ዴቪድሰን ማይክል ነው። ማይክል ሙያው ጠበቃ ነበር፤ በትርፍ ሰዓቱ ግን ማይክሮስኮፕ ላይ የሚውል፣ በኋላም የንጉሣዊው የማይክሮስኮፕ ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። ኒምፎችን በትንንሽ የመስተዋት ክፍሎች ውስጥ ከጥቂት ሞስና እርጥበት ጋር አስቀምጦ፣ ቆዳ ጥለው አዋቂ እስኪሆኑ ድረስ እየጠበቀ የትኛው የየትኛው ልጅ እንደሆነ በዓይኑ አረጋገጠ። ኒኮሌ ያዛመዳቸውንም በዚሁ ፈተና አሳለፋቸው። «የብሪታንያ ኦሪባቲዶች» የተባለው ሁለት ጥራዝ ሥራው በ1884 እና በ1888 ወጣ። ማይክል አንድ የቆየ የአካል ስህተትም አርሟል። በማይቱ ራስ ግራና ቀኝ እንደ ጽዋ የጎደጎዱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ከየቀዳዳው አንድ ወፈር ያለ ፀጉር ይወጣል። ኒኮሌ መተንፈሻ ናቸው ብሎ ነበር። ማይክል እውነተኛ መተንፈሻ አለመሆናቸውን በመረዳት «ሐሰተኛ መተንፈሻ» አላቸው፤ ፀጉሩም ንዝረትና የአየር እንቅስቃሴ የሚዳስስ የስሜት አካል መሆኑ ኋላ ታወቀ። ትክክለኛዎቹ የአየር ቱቦዎች የሚከፈቱት ከእግሮቹ መጋጠሚያ አጠገብ ተደብቀው ነው። ይህ ዳሳሽ ፀጉር በአንዱ ዝርያ እንደ ክር የቀጠነ፣ በሌላው ጫፉ ያበጠ፣ በሌላው በአንድ ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ ስለሆነ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማንኛውም መለያ ሰንጠረዥ ከሚጠይቃቸው ዋና ነገሮች አንዱ እርሱ ሆኗል።

እስከዚህ ድረስ ማይት የሚሰበሰበው ሞሱን ነጭ ወረቀት ላይ በማራገፍና የሚንቀሳቀሰውን በብሩሽ ጫፍ በመልቀም ነበር። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌዜ በ1905 ያስተዋወቀው መሣሪያ ይህን ለወጠው። ፈነል ውስጥ ወንፊት ተደርጎ አፈሩ በላዩ ይቀመጣል፤ የፈነሉ ግድግዳ በሞቀ ውሃ ይከበባል፤ አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ማይቶቹ ጨለማና እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች እየወረዱ ከፈነሉ ስር ባለው አልኮል ውስጥ ይወድቃሉ። ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን በ1918 የሞቀውን ውሃ በኤሌክትሪክ አምፖል ተካው። በዓለም ላይ ባሉ የአፈር ላቦራቶሪዎች እስከ ዛሬ የሚሠራበት መሣሪያ የሁለቱን ስም ይዟል። የመሣሪያው ውጤት ግን የቁጥር ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ጥቂት ናሙና ይዞ ዝርያ ይሰይም የነበረ ሰው አሁን ከአንድ እፍኝ አፈር መቶዎችን ማግኘት ቻለ፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን መለያየትም ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ጀመረ። በርሌዜ ራሱ በፍሎረንስ የግብርና ነፍሳት ጥናት ጣቢያ ሆኖ እጅግ ብዙ አዳዲስ ማይቶችን ሰይሟል፤ አንዳንዶቹን መግለጫዎች ግን በጥቂት መስመሮች ያለ ሥዕል በማውጣቱ፣ የኋለኞቹ ፍሎረንስ ድረስ ሄደው ስላይዶቹን ማየት ግድ ሆኖባቸዋል።

የተከመረውን ስም የማጣራቱን ሸክም የወሰደው ሆላንዳዊው አንቶኒ ኮርኔሊስ አውደማንስ ነው። በሄግ የእንስሳት መጠበቂያ ዳይሬክተር የነበረው፣ በ1892 ስለ ታላቁ የባሕር እባብ ወፍራም መጽሐፍ በመጻፉም የሚታወቀው አውደማንስ፣ ከ850 ዓመተ ዓለም ጀምሮ እስከ 1850 ድረስ ስለ ማይት የተጻፈውን ሁሉ ገጽ በገጽ መረመረ። ከ1926 እስከ 1937 በሆላንድኛ ያሳተመው ሂሳዊ ታሪክ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሉት። የትኛው የኮኽ ስም ከየትኛው የኤርማን ስም ጋር አንድ እንደሆነ፣ የትኛውስ ስም ቀዳሚ እንደሆነ የሚወስን ሁሉ ዛሬም ወደ እርሱ ይመለሳል። አድካሚና ምስጋና የማያስገኝ ሥራ ነበር፤ ያለ እርሱ ግን ቀጥሎ የመጣው ለውጥ መቆሚያ መሬት ባላገኘ ነበር።

ያንን ለውጥ ያመጣው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ግራንዣን ነው። ግራንዣን የማዕድን መሐንዲስ፣ የክሪስታል ተመራማሪ ነበር፤ ወጣት ሳለ ከዦርዥ ፍሪዴል ጋር በፈሳሽ ክሪስታሎች ላይ ያደረገው ጥናት በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ ስሙን አስቀርቷል። ወደ ማይቶች ሙሉ በሙሉ የዞረው በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ዕድሜው ከአርባ አምስት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አካባቢ ድረስ መጻፉን አላቆመም፤ በ1975 አረፈ። የማይት ጽሑፎቹ በሊዮ ፋን ደር ሃመን ተሰብስበው ከ1972 እስከ 1976 በሰባት ጥራዝ እንደገና ታትመዋል።

መጀመሪያ የለወጠው የማየቱን ዘዴ ነው። በእርሱ ዘመን ማይትን በሙጫ መሰል ፈሳሽ ውስጥ አድርጎ፣ በስስ መስተዋት ጨፍልቆ ለዘለቄታ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። ማይቱ አንዴ በጀርባው ከተጨፈለቀ በጎኑ ምን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ግራንዣን መካከሉ የጎደጎደ ስላይድ ወስዶ በላክቲክ አሲድ ሞላው፤ ጉድጓዱን በስስ መስተዋት እስከ ግማሽ ብቻ ሸፈነው፤ ማይቱን ከመስተዋቱ ጠርዝ ስር አስገባው። አሲዱ በትንሽ ሙቀት የሰውነቱን ውስጥ ያጠራዋል፣ ቆዳውም ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። የላዩ መስተዋት በቀስታ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲገፋ ማይቱ አብሮ ይንከባለላል። አንዱ ናሙና በጀርባው፣ በሆዱ፣ በጎኑ፣ በአፉ በኩል እየዞረ ይሳላል፤ ሥራው ሲያልቅም ሳይጎዳ ወደ አልኮሉ ይመለሳል። ዛሬም የኦሪባቲድ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ግኝቱ ከክሪስታል ሙያው የመጣ ነው። የማዕድን ተመራማሪ ድንጋይን በፖላራይዝድ ብርሃን ማየት ልማዱ ነው። ግራንዣን ማይትን በተሻገሩ ሁለት የፖላራይዝድ ማጣሪያዎች መካከል ሲያየው፣ ሜዳው ሁሉ ጨልሞ ሳለ የኦሪባቲዱ ፀጉሮች ብቻ አበሩ። በፀጉሩ እምብርት ብርሃንን ለሁለት የሚከፍል ንጥረ ነገር አለ። በ1935 ይህን ሲያሳትም፣ የሚያበራ ፀጉር ያላቸው ማይቶች በአንድ ወገን፣ መዥገርና ዘመዶቹ ደግሞ ፀጉራቸው የማያበራ በሌላ ወገን እንደሚሆኑ አስታወቀ። ይህ ድንበር የመላው ማይት ዓለም ዋነኛ መከፋፈያ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያም በላይ፣ የሚያበራው እምብርት እውነተኛውን ፀጉር ከሌሎች ዘንጎች ለመለየት አስቻለ። በእግሮቹ ላይ ፀጉር የሚመስሉ ግን በማጣሪያዎቹ መካከል የማያበሩ ባዶ ዘንጎች አሉ፤ ግራንዣን «ሶሌኒዲዮን» አላቸው። ከዚያ በፊት ሁሉም አንድ ላይ ይቆጠሩ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚልቀው ነው። ግራንዣን ለእያንዳንዱ ፀጉር ስም ሰጠ። በማይቱ ራስ ፊት ላይ ያሉት ጥንዶች፣ ከዳሳሹ አጠገብ ያሉት፣ በጀርባ ጋሻ ላይ ከፊት ወደ ኋላ በረድፍ የተሰለፉት፣ በሆድ ክዳኖች ዙሪያና በእግር ሥር ያሉት ሁሉ የየራሳቸው የፊደል ምልክት አገኙ። በጥንታዊዎቹ ቤተሰቦች ጀርባ ላይ አሥራ ስድስት ጥንድ አሉ። በብዙዎቹ የኋለኛ ቤተሰቦች ወደ አሥር ጥንድ ወርደዋል። ጋሉምና በሚባሉት ደግሞ ፀጉሩ ራሱ ጠፍቶ የበቀለበት ነጥብ ብቻ ቀርቷል። ፀጉሩ ስም ካለው በአንዱ ዝርያ የጠፋው የትኛው እንደሆነ መናገር ይቻላል፤ ስም ከሌለው ግን ቆጠራው «አሥር ነው፣ ዘጠኝ ነው» ከማለት አያልፍም። ከዚያም ግራንዣን ፀጉሮቹን ከእጭ እስከ አዋቂ በየደረጃው ተከታተለ። የትኛው መጀመሪያ እንደሚወጣ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ የትኛው ወጥቶ እንደሚጠፋ መዘገበ። በማይክል ዘመን ልጅነት የሚያሳስት ጣጣ ነበር፤ በግራንዣን እጅ ራሱ ማስረጃ ሆነ።

የአጋጣሚንም ድርሻ የመረመረው እርሱ ነው። ከአንድ ቦታ የተገኙ የአንድ ዝርያ ማይቶችን ብዙ አድርጎ ሲቆጥር፣ በአንዳንዶቹ አንድ ፀጉር በግራ ኖሮ በቀኝ እንደሚጠፋ አየ። ጠንካራ ቦታ ያላቸው ፀጉሮች በጭራሽ አይጠፉም፤ ደካሞቹ ይኖራሉ ወይም ይቀራሉ። ደካማ ፀጉር በአንድ ናሙና ላይ ባለመኖሩ አዲስ ዝርያ መሰየም ስህተት መሆኑ በቁጥር ተረጋገጠ። በ1969 ኦሪባቲዶችን በስድስት ታላላቅ ምድቦች የከፈለበት ጽሑፍ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ላይ የተገነባ ነው።

በፀጉር ላይ ይህን ያህል መተማመን ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በሸረሪትና በብዙ ጥንዚዛዎች ዝርያ የሚለየው ከሁሉ በላይ በመዋለጃ አካል ቅርጽ ነው። ኦሪባቲዶች ግን አይገናኙም። ወንዱ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የዘር ጠብታ መሬት ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ ሴቷ አግኝታ ታነሳዋለች። ይህን ጀርመናዊው ፓውሊ በ1952 አሳውቋል። ወንድና ሴት በአካል መገጣጠም ስለማይጠበቅባቸው የመዋለጃ ክዳናቸው ከዝርያ ዝርያ ብዙም አይለያይም፤ ባለሙያውም ሌላ ምልክት ለመፈለግ ይገደዳል።

በተግባር መለየቱ የሚከተለው መንገድ ይህን ይመስላል። ላክቲክ አሲድ ውስጥ ያለው ማይት መጀመሪያ በጀርባው ይታያል፦ ራስና ጀርባ በስፌት ተለይተዋል ወይስ ተጣብቀዋል? አንዳንዶቹ ሲነኩ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ራሳቸውን እንደ ሳጥን ክዳን ይዘጋሉ፤ ይህ ብቻውን ቤተሰቡን ያጠባል። ቀጥሎ የትከሻ ክንፍ መኖሩ፣ በራስ ላይ የሚሄዱ ስስ ሸንተረሮች ቅርጽ፣ የዳሳሹ ዓይነት። ማይቱ በሆዱ ሲዞር በመዋለጃና በፊንጢጣ ክዳኖች ላይ ያሉት ፀጉሮች ይቆጠራሉ፤ በእግሮቹ መሠረት ያሉት ደግሞ ከመጀመሪያው ጥንድ እግር እስከ አራተኛው «3-1-3-3» እየተባለ በቀመር ይጻፋሉ። «ኦፒየላ ኖቫ» ጥሩ ምሳሌ ናት። አውደማንስ በ1902 የገለጻት፣ በዓለም ላይ በጣም ከተስፋፉት አንዷ የሆነች፣ ርዝመቷ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ማይት ናት። መለያዎቿ መካከሉ ያበጠና ጥቂት ቅርንጫፍ ያወጣ ዳሳሽ፣ በራሷ ላይ ያሉ ጥምዝ ሸንተረሮችና በጀርባ ጋሻዋ የፊት ጠርዝ ላይ ያለ አጭር ጉልህ መስመር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሳይታይ ከታለፈ ናሙናው ወደ ሌላ ስም ሊሄድ ይችላል።

ይህ እውቀት ለብዙዎች የደረሰው በመለያ መጻሕፍት ነው። በጀርመን ማክስ ዜልኒክ በ1928፣ ካርል ቪልማን በ1931 ያወጧቸው ሥራዎች መካከለኛው አውሮፓን ሸፈኑ። በሶቪየት ኅብረት በ1975 በጊሊያሮቭና በክሪቮሉትስኪ አዘጋጅነት ትልቅ መለያ ወጣ። ሃንጋሪያዊው ያኖሽ ባሎግ ደግሞ በ1972 የዓለምን ጂነሶች በሙሉ በሥዕል አሰባሰበ። ዴንማርካዊቷ ማሪ ሃመር ግን ከማንም በተለየ መንገድ ሄደች። በአንዲስ ተራሮች፣ በኒው ዚላንድና በሌሎች ሩቅ ቦታዎች ራሷ እየተጓዘች ሞስና አፈር ሰበሰበች። የአንዲስ ሥራዋ ከ1958 እስከ 1962 ታትሟል። እንደ እርሷ ክርክር ማይት ክንፍ የለውም፣ ውቅያኖስም አይሻገርም፤ ስለዚህ በተራራቁ አህጉራት ላይ የሚገኙ ተመሳሳይ ማይቶች አህጉራቱ አንድ ላይ እንደነበሩ ያመለክታሉ። ከሌላው የማይት ተመራማሪ ከጆን ዎልዎርክ ጋር በ1979 ይህን ከአህጉራት መንሸራተት ጋር አያይዛ አቀረበችው። ክርክሩ በሙሉ የሚቆመው ሁለት ማይቶች በእርግጥ አንድ ዝርያ መሆናቸውን በማወቅ ላይ ነው።

ዝርያ መለየት ለእረኛም ጉዳይ የሆነው በ1937 ነው። በበግና በፍየል አንጀት ውስጥ የሚኖረው፣ ሞኒዬዝያ የሚባለው ረጅም ጥገኛ ትል ከበግ ወደ በግ እንዴት እንደሚተላለፍ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። አሜሪካዊው ሆራስ ስተንካርድ አስተላላፊው የግጦሽ ሜዳ ኦሪባቲድ መሆኑን አሳየ። ማይቱ ከፋንድያ ጋር የወጣውን የትሉን እንቁላል ይበላል፤ ትሉ በማይቱ ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ በጉ ሣሩን ሲግጥ ማይቱን አብሮ ይውጣል። እንቁላሉን ለመዋጥ የሚበቃ አፍ ያላቸው ግን ሁሉም ዝርያዎች አይደሉም። በአንድ ሜዳ ላይ አደጋ መኖሩን ለማወቅ ማይት መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ የየትኛው ዝርያ ማይት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአካል ልዩነቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ ደግሞ ቅሪተ አካላት አሳይተዋል። በኒውዮርክ ግዛት ጊልቦአ አጠገብ ከ370 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ድንጋይ፣ ድንጋዩ በአሲድ ሲሟሟ የወጡ የማይት ቅሪቶችን የማይት ተመራማሪው ሮይ ኖርተንና ባልደረቦቹ በ1988 ሲገልጹ፣ የተጠቀሙት የግራንዣንን የፀጉር ስሞች ነው። የጥንቱ ማይት ፀጉሮች ከዛሬዎቹ ጋር አንድ በአንድ ሊነጻጸሩ ችለዋል። ኖርተን በ1998 ደግሞ በአካል ማስረጃ ብቻ ተነሥቶ፣ የቤት አቧራና የእህል ማይቶችን የያዘው አስቲግማታ የተባለው ትልቅ ወገን የወጣው ከራሳቸው ከኦሪባቲዶች መካከል ነው ሲል ተከራከረ።

ፀጉር መቁጠር የማይደርስበት ቦታም አለ። በርካታ የኦሪባቲድ ዝርያዎች ወንድ የላቸውም፤ ሴቶቹ ያለ ወንድ ሴቶችን ይወልዳሉ። ኦፒየላ ኖቫ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት ያለ ወንድ የኖረችው ለእጅግ ረጅም ዘመን መሆኑን አረጋግጧል። በዚህ ዓይነት ወገን እያንዳንዱ የእናት መስመር ለብቻው ይቀጥላል። በ2007 «ፕላቲኖትሩስ ፔልቲፈር» በተባለው የታወቀ ማይት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ባለሙያዎች በአካል አንድ ያሉት ዝርያ በዘረመል ሰባት የተራራቁ መስመሮች እንዳሉት አሳየ። መስመሮቹ በአስር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ዓመት ተለያይተው ኖረዋል፤ መልካቸው ግን አልተለወጠም። በግራንዣን ዘመን የተረጋገጠው ከሚታየው ልዩነት ከፊሉ ዋጋ እንደሌለው ነበር፤ አሁን ደግሞ የማይታይ ልዩነት መኖሩ ታወቀ። እነዚህን መስመሮች በየራሳቸው ስም መጥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ገና አላለቀም። ያለ አካል ምልክት የተሰጠ ስም በደን ውስጥ ለሚሠራ ሰው ስለማይጠቅም፣ ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

መሣሪያዎቹም ተለውጠዋል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በጋሻው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶችና ሸንተረሮች ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ግልጽ አድርጓል። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በግሬኖብል ያለው የሲንክሮትሮን ማዕከል ኃይለኛ ኤክስሬይ ማይቱ ሳይቆረጥ ጡንቻውንና አንጀቱን በሦስት ገጽታ ለማየት አስችሏል። የማድሪዱ ሉዊስ ሱቢያስ በ2004 ያሳተመው የዓለም ኦሪባቲዶች ዝርዝር በየጊዜው እየታደሰ ይወጣል።

የኢትዮጵያ ማይቶች በብዛት ወደዚህ ዝርዝር የገቡት በ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኢትዮ-ሩሲያ የጋራ ባዮሎጂ ጉዞ አባላት ከአገሪቱ ደኖች ከሰበሰቡት አፈር ውስጥ ሰርጌ ኤርሚሎቭና ባልደረቦቹ በርካታ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። መግለጫዎቹ የዳሳሹን ቅርጽ፣ የጀርባና የሆድ ፀጉሮችን፣ የእግሮቹን ቀመር በሙሉ በግራንዣን ምልክቶች ያስቀምጣሉ። በአብዛኛው የሚገልጹት ግን አዋቂውን ነው። ይህም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ2014 ኖርተንና ኤርሚሎቭ የታወቁትን ልጆች ሁሉ በአንድ ካታሎግ ሲሰበስቡ፣ እጫቸውና ኒምፋቸው የተገለጸላቸው የኦሪባቲድ ዝርያዎች ከመቶ አሥር እጅ አልሞሉም። ማይክል በመስተዋት ክፍል የጀመረው እርባታ ለቀሩት ሁሉ ገና ይጠበቃል።